ሞተሩ ለቶራ፣ ጋሪው ለቪጎ

ፍሬደሪክስሃቭን፣ ሜይ 3 ቀን 1998

ለወንድሜ ለቪጎ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለገና በምንላላከው ካርድ ላይ ከስማችን በቀር አንዲት ቃል ጽፈን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ከስምህ በታች አንድ መስመር ጨምረሃል። ካርዱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እያየሁ አራት ወር ስናደድ ከረምኩ። ዛሬ መልሱን እነሆ፦ አዎ፣ የአባባ ኒምቡስ ሞተር ብስክሌት አሁንም ይነሳል። በሁለተኛው ርግጫ ይነሳል። ቀለሙም፣ ዝገቱም፣ የመቀመጫው ቅዳጅም አባባ እንደተወው ነው፤ ከዘይት በቀር ምንም አልነካሁትም።

ይቺን ብቻ ጽፌ ፖስታውን ባሽገው ደስ ባለኝ። ግን የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የመርከብ ትኬት መስኮት ላይ ተቀምጬ ሰው እኔን ሲለምን እንጂ እኔ ሰው ስለምን አልኖርኩምና፣ አጻጻፌ ሻካራ ቢሆንብህ ይቅር በለኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አባባ ኑዛዜው ላይ «ሞተሩ ለቶራ፣ ጋሪው ለቪጎ» ብሎ ሲጽፍ፣ እኔ ሽማግሌው ተሳስቶ ነው አልኩ፤ አንተ እኔ አስጽፌው እንደሆነ ተናገርክ። ከሞተሩ ጎን የሚታሰረውን ያንን ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ተጎታች ላይ ጭነህ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትለን ወደ ደሴትህ ተሻገርክ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም አልሆነም።

እማዬ በኦገስት ዘጠና ዓመት ይሞላታል። ልደቷ ወደባችን ላይ በየዓመቱ ከሚደረገው የአሮጌ መኪናና ሞተር ትርኢት ጋር ገጥሟል፤ ኦገስት 15 ቅዳሜ። የጡረተኞቹ ቤት ሴቶች ባንዲራ እንስቀል፣ ኬክ እንጋግር ሲሏት «ባንዲራውን ለንግሥታችሁ ስቀሉ» ብላ አባረረቻቸው። ከዚያ እኔን ጠርታ፣ «በአባታችሁ በአክሰል ጋሪ ተቀምጬ ከዓሣ ገበያው እስከ መብራት ማማው አንድ ዙር ልሂድ። ሞተሩን አንቺ ንጂ፤ ጋሪውን ቪጎ ያምጣ። ሌላ ስጦታ አልፈልግም» አለችኝ።

ጋሪው ያንተ ነው። ስለዚህ እጠይቅሃለሁ።

እህትህ ቶራ

እግረ መንገዴን፦ ጋሪው ውስጥ ዶሮ ታረባለህ የሚሉት እውነት ነው?


ስቫኔከ፣ ሜይ 16 ቀን 1998

እትዬ ቶራ፣

የእጅ ጽሕፈትሽን ፖስታው ላይ ሳይ መርዶ መስሎኝ ቆሜ አነበብኩት። መርዶ አለመሆኑን ሳውቅ ደግሞ ተቀምጬ አነበብኩት። ሦስተኛውን ጊዜ አልነግርሽም።

ከደብዳቤው ግርጌ ስላሰፈርሽው የዶሮዎች ጉዳይ፦ እውነት ነው። ማን እንደነገረሽ ባላውቅም አልዋሸሽም። ሞተር የሌለው ጋሪ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ግቢ ውስጥ ተገትሮ ሲከርም ዶሮዎቹ ከኔ ቀድመው ጥቅሙን ተረዱት። በቀን አራት እንቁላል ይጥሉበታል። አሁን ግን በክብር አስወጥቻቸዋለሁ፤ አንዷ እስካሁን አኩርፋኛለች። ማኩረፍ በቤታችን ያለ ነው።

በአባባ ቀብር ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያልኩሽን አልረሳሁትም። «ሌባ» ነው ያልኩሽ። ሰው ፊት ነው ያልኩሽ። ዘጠኝ ዓመት ይቅርታ ለመጠየቅ እያሰብኩ፣ ዘጠኝ ዓመት «እሷ ትጀምር» እያልኩ ቆየሁ። ይኸው ጀመርሽ። አፍሬአለሁ፣ ደስም ብሎኛል፤ ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም።

አመጣዋለሁ። ጎማ ባይኖረው ተሸክሜው አመጣዋለሁ። ለእማዬ ንገሪያት። ደግሞ አይዞሽ፣ በዋናው ምድር ሰዎች ፊት አላሳፍርሽም። አርባ ዓመት ጀልባ ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተቀረውን ለኔ ተዪው።

ወንድምሽ ቪጎ


ፍሬደሪክስሃቭን፣ ጁን 8 ቀን 1998

ለቪጎ፣

በጭስ ያደረቅከው ሄሪንግ ዓሣ በደህና ደረሰ። ፖስተኛው «ምንድን ነው የያዝኩት?» ብሎ አፍንጫውን ይዞ ነው የሰጠኝ። እማዬ ሦስት በላችና ጠባቂዋ መስኮት ከፈተች።

በፖስት ካርድህ ላይ እማዬ ለምን በገዛ እጇ እንደማትጽፍልህ ጠይቀሃል። እጇ ይደክማል። ሌላ ምን ልበልህ፤ ዘጠና ዓመቷ ነው። ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትሳደባለች።

የትርኢቱን ቅጽ ሞልቼ ሰጠሁ። «ታድሷል ወይስ እንደነበረ ነው?» የሚል መስመር አለው፤ ሞተሩም ጋሪውም እንደነበረ ነው ብዬ ምልክት አደረግሁ። የዳኞቹ አለቃ ሆልገር ነው፤ ታስታውሰዋለህ፣ ድሮ ብስክሌት የሚጠግነው ከንፈረ ቀጭኑ። አዲስ የቀለም ጠብታ ካየ ጉንፋን እንደያዘው ያስነጥሰዋል። የኛን ሲያይ ግን እንባ ይተናነቀዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እንደሱ ያለ ሞተር ከነጋሪው፣ ሳይነካ የቀረ በዚህ አካባቢ የለም።

አሁን የእማዬን መልእክት ልንገርህ። በጋሪው ውስጥ በቀኝ በኩል፣ እሷ እጇን በምታሳርፍበት ላሜራ ላይ፣ አዲስ ከተማ በደረስን ቁጥር አባባ የከተማውን ስም በምስማር ይጭር እንደነበር ትዝ ይልሃል አይደል? እኔና አንተ እግሯ ሥር ተጣጥፈን፣ እሱ «ደረስን!» ብሎ ምስማሩን ከኪሱ ሲያወጣ። እማዬ ስካገን ከስኪቨ በፊት ነው የተጻፈው ትላለች፤ እኔ በኋላ ነው እላለሁ። ከቁርስ እስከ ምሳ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ስሞቹን በቅደም ተከተላቸው ገልብጠህ ላክልኝና ክርክሩ ይለቅ።

ቶራ


ስቫኔከ፣ ጁን 21 ቀን 1998

እትዬ ቶራ፣

እንኳን ለበጋው አደረሰሽ። እዚህ ፀሐይዋ ጨክናለች፤ ጀልባ ስቀባ ቀለሙ ከብሩሹ ሳይወርድ ይደርቃል። የመርከቡን ቦታ ይዣለሁ፣ ለመኪናውም ለተጎታቹም። በዚህ ወር ስለተከፈተው አዲስ ድልድይ ጎረቤቴ ሄዶበት መጥቶ ሲያወራ አይጠገብም፤ መሐሉ ላይ ስትደርሺ ምድር የሚባል ነገር በየትም በኩል አይታይም አለኝ። ነፋስ በርትቶ ተጎታች ይገለብጣል የሚሉም አሉ። እኔ አልፈራሁም። ጋሪውን በሁለት ገመድ አስረዋለሁ፤ ምናልባት በሦስት። ድልድዩ ሁለት ምሰሶዎች አሉት፣ ከፍታቸው…

(እዚህ ላይ ስለ ድልድዩ ሦስት ገጽ ይቀጥላል።)

ስለ ስሞቹ ደግሞ፣ ጋሪው ውስጥ ጨለማ ስለሆነ በደንብ አላየኋቸውም። ለእማዬ ሰላምታዬን።

ቪጎ


ፍሬደሪክስሃቭን፣ ጁን 26 ቀን 1998

ቪጎ፣

ስለ ድልድዩ ሦስት ገጽ ጻፍክ፤ ስለጠየቅሁህ አንድ መስመር። በደሴትህ በቦርንሆልም የጁን ፀሐይ ጋሪ ውስጥ ጨለማ ነው ትለኛለህ። ልጅ ሆነህ የጎረቤት መስኮት የሰበርክ ቀንም ስለ አየሩ ሁኔታ ነበር የምታወራው።

ምን አደረግህ?

ቶራ


ስቫኔከ፣ ጁላይ 2 ቀን 1998

እትዬ፣

ቀባሁት።

መጀመሪያ ያሰብኩት የዶሮ ኩስ ማጠብ ብቻ ነበር። ታጥቦ ሲደርቅ ቀለሙ እንደ አሮጌ ጀልባ ሆድ ተላልጦ አየሁት፤ የኔ እጅ ደግሞ የተላጠ ነገር አይቶ ዝም ማለት አያውቅም። ደብዳቤሽ «እንደነበረ ነው» የሚለውን ይዞ ከመድረሱ ከሳምንት በፊት ፍቄ፣ አለስልሼ፣ ጭረቱን ሁሉ በስቱኮ ደፍኜ፣ ምርጡን የጀልባ ቀለም ሰባት ጊዜ ደራርቤ ጨርሼ ነበር። ጥቁር ነው። ፊትሽን አይተሽ ጸጉርሽን ትሠሪበታለሽ።

ስሞቹን ሳላያቸው ነው የደፈንኳቸው እንዳልልሽ፣ አይቻቸዋለሁ። «ስካገን» የሚለውን በአውራ ጣቴ ዳስሼዋለሁም። ነገር ግን ጀልባ ቀቢ ጭረት ሲያይ ስም አይታየውም፤ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ነው የሚታየው። እጄ ሥራውን ጨረሰ፣ ልቤ በማግስቱ ደረሰ። ያን ዕለት ጋሪው አጠገብ በርሜል ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለኔ ነው።

በዚህ ፊት ወደ እማዬ መምጣት አልችልም። ጋሪውን በጭነት መኪና ልላክላችሁ? አንቺ ወስኚ።

ቪጎ


ፍሬደሪክስሃቭን፣ ጁላይ 12 ቀን 1998

ለቪጎ፣

ከዚህ በፊት ሁለት ደብዳቤ ጽፌልህ ቀድጃለሁ። አንደኛው ውስጥ «ጅል» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ነበር። ይኼኛው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ጅል።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። እማዬ ለምን አትጽፍም ስትለኝ እጇ ይደክማል ብዬህ ነበር። እጇ ደህና ነው። ዓይኗ ነው የጠፋው። ሁለት ክረምት ሆነው፤ አሁን መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ለይታ ከማወቅ በቀር ምንም አታይም። «ቪጎ ከሰማ አዝኖልኝ ይመጣል። ወዶ ካልመጣ ይቅርብኝ» ብላ አስምላኝ ነው የደበቅሁህ። መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ። ላንተ ብዬ አይደለም፤ ለሷ ብዬ ነው።

ስለዚህ ቀለምህን አታየውም። ሰባቱንም አታያቸውም። እሷ የምታየው በጣቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍሏ ስገባ የቀኝ እጇን ጣቶች በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እያስኬደች፣ «ሆብሮ… ስኪቨ… ስካገን…» እያለች ስትለማመድ አገኘኋት። ምን እያደረግሽ ነው ስላት፣ «የአክሰልን ጽሕፈት እንዳልረሳ ነው» አለችኝ። አሁን ገባህ?

ጭነት መኪና የሚባል ነገር እንዳትነግረኝ። ራስህ ይዘኸው ና። አደራህን፣ ምስማር አንስተህ አዲስ ጭረት ጭረህ እንዳታታልላት። ለዘጠና ዓመት ልደቷ ውሸት አይሰጣትም። ፊቷ ቁጭ ብለህ በአፍህ ንገራት። ብታለቅስ አብረን እናለቅሳለን፤ ብትሳደብ ደግሞ አንተ ብቻህን ትሰማለህ።

አልጋህን አነጥፌአለሁ። ድሮ የምትተኛበት ክፍል ነው።

ቶራ


ስቫኔከ፣ ኦገስት 24 ቀን 1998

እትዬ ቶራ፣

በደህና ገባሁ። ለአልጋውም፣ ለአሳማ ጥብሱም፣ እየሰደብሽኝም ቢሆን ስላቀፍሽኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ያኮረፈችውም ታርቃኛለች።

ስልክ ደውለሽ የጠየቅሽኝን በስልክ መናገር አልሆነልኝም። አንቺ ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ከሆልገር ጋር ስትከራከሪ እማዬና እኔ ብቻችንን ቀርተን ምን እንዳለችኝ፣ ለምንስ ምሽቱን ሙሉ ለብቻዋ ትስቅ እንደነበር ልንገርሽ። አስቀድሜ ግን ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አደራሽን በልቻለሁ።

ዓርብ ከሰዓት አንቺ ለቁርስ የሚሆን ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ፣ ጓሮሽ ውስጥ ምስማር ፈልጌ የማስታውሳቸውን ስሞች ጫርኩ። አሥራ አራት ይሆናሉ። እንዳትጮሂብኝ። ያንን ልስልስ ላሜራ ባየሁ ቁጥር የጠረጴዛው ጠርዝ እየታየኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ከየመኪናው ጀርባ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ የያዘውን ሲበላ፣ እማዬን ጋሪው ውስጥ አስቀመጥኳት። ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ሳደርግላት ቀኝ እጇ ወዲያው ወደ ላሜራው ሄደ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ እንደገና ዳሰሰችው።

«ይኼ የአክሰል አይደለም» አለች።

ብርድ ልብሱን እንደገና አስተካከልኩላት።

«አክሰል ሲጭር ላሜራው ይጮህ ነበር። ይኼ ድመት የቧጨረው ነው። አንተ ልጅ፣ ቀባኸው አይደል?»

«ቀባሁት፣ እማዬ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሰባት።»

እትዬ፣ ሳቀች። ባርኔጣዋ እስኪወልቅ ሳቀች። አጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት ሳንድዊቻቸውን ይዘው ዞሩ። እኔ ግን እንባዬ መጥቶ ነበርና «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ስሞቹንማ በቃሌ ነው የማውቃቸው» አለችኝ። «አምስት ጎድሎሃል፤ ራንደርስን ደግሞ ያለ ቦታው አስገብተኸዋል። ለስሞቹ ብዬ መሰለህ ና ያልኩህ?»

የዓይኗን ነገር ስለደበቃችሁኝ ልቆጣ አስቤ ነበር። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ስላት፣ «ብነግርህ ምን ልታደርግ? ዓይኔንም ልትቀባው ነበር?» አለችኝ።

ቀጥላ የነገረችኝን አንቺም ማወቅ አለብሽ። ሞተሩን ላንቺ፣ ጋሪውን ለኔ ያደረገችው እሷ ናት። አባባ አንዱ ሁሉንም ይውሰድ ብሎ ዕጣ ሊጥል ነበር አሉ። «ግማሽ ግማሽ ስጣቸው፤ ለመንዳት ሲሉ ይገናኛሉ አልኩት» አለች። «ሁለት በግ መውለዴን አላወቅሁም ነበር።»

ከዚያ ምስማሩን አምጣ አለችኝ። ከኪሴ አወጣሁ። እጄን በእጇ ያዘችና ካልጫርኩበት ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈችው። የዛሬውን ጻፍ አለችኝ። ስጀምር፣ «ጫን በል! እንቁላል አይደለም!» ብላ ጮኸች። የዶሮዎቹን ጉድ የነገርሻት አንቺ ነሽ ማለት ነው። ጫንኩት። ሰባቱንም ቀለም ቀድዶ ላሜራው ጮኸ። «ፍሬደሪክስሃቭን» ብለን አብረን ጻፍን።

«ጠማማ ነው?» አለችኝ።

«በጣም ጠማማ ነው።»

«እንግዲያው አሁን የአባትህን ይመስላል። ቶራን ጥራትና እንሂድ።»

ሌላውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ነጂዋ አንቺ ነበርሽ። እኔ ከዓሣ ገበያው ቆሜ ሳያችሁ የሞተሩን ድምፅ እንጂ የሰዉን ጭብጨባ አልሰማሁም። አንድ ዙር የተባለው አራት የሆነው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ወንድምሽ ቪጎ


ፍሬደሪክስሃቭን፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1998

ለቪጎ፣

አደራ በላ። ደብዳቤህን ለእማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት «ድመት የቧጨረው» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። በግ ያለችንን ግን አላልኩም ብላ ካደች። የአራቱን ዙር ትእዛዝ የሰጠችው እሷ ናት፤ መብራት ማማው ጋ በደረስን ቁጥር «ገና አልደረስንም» ትለኝ ነበር።

ሆልገር ጻፈልኝ። የተከበራችሁ ብሎ ይጀምራል። ሞተሩ ታድሷል ከሚለው ምድብ አይገባም፣ ጋሪው እንደነበረ ነው ከሚለው ምድብ አይገባም፤ ስለዚህ ከሁለቱም ተሰርዘናል። ለከርሞ ወይ ሞተሩን እንድናስቀባ ወይ የጋሪውን ቀለም እንድናስፍቅ ይመክረናል። አንዱንም አናደርግም ብዬ መለስኩለት። ዝገቱ የኔ ነው፣ ቀለሙ የወንድሜ ነው አልኩት።

ሌላው ጉዳይ፦ ብርዱ ሳይገባ እማዬን ላንሸራሽራት ሞተሩን ላስነሳ ጋራዥ ብገባ ቁልፉ የለም። ጋሪውን ከሞተሩ ጋር ስናስር ብሎኖቹን ያጠበቅኸው አንተ፣ መጨረሻ ሞተሩን ያጠፋኸውም አንተ ነህ። የኮትህን ኪስ ፈትሽ። ካገኘኸው ቶሎ በአደራ ፖስታ ላክልኝ። ያለሱ ሞተሩም ጋሪውም ቆመው መቅረታቸው ነው።

ቶራ


ስቫኔከ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1998

እትዬ ቶራ፣

ኪሴን መፈተሽ አላስፈለገኝም። የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ረስቼም አይደለም የወሰድኩት። ጋሪውን እዚያው እንደታሰረ ልተወው ስወስን ባዶ ተጎታች እየጎተትኩ መሄድ ከበደኝ። ለኔም ግማሽ ይድረሰኝ ብዬ ነው።

በፖስታ አልልከውም። በኦክቶበር ሁለተኛ ሳምንት ጀልባዎቹ ከውሃ ይወጣሉ፣ እኔም ሥራ እፈታለሁ። ያኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ለእማዬ ወፍራም ካልሲ ግዢልኝ፤ ስካገን ድረስ እንወስዳታለን፤ ከስኪቨ በፊት ይሁን በኋላ እዚያው ደርሰን እንጨቃጨቃለን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አባባ ቁልፍ መጣል ልማዱ ስለነበር አምስት አስቀርጾ ነበር። አራቱ ወጥ ቤትሽ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሹካዎቹ ጀርባ ናቸው፤ የቅቤ ቢላዋ ስፈልግ አይቻቸዋለሁ። አንቺም በየቀኑ ታያቸዋለሽ።

አራት ቁልፍ እያለሽ አምስተኛውን አምጣ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ።

ወንድምሽ ቪጎ